ሚስተር ልክ እና የሃምሳ ሰው ዝርዝር

ምቀኛ ነበርኩ። «ነበርኩ» ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ በሽታው ጨርሶ ለቆኛል ብዬ ብምል እግዜር ይታዘበኛል። በወረርሽኙ ዘመን፣ እዚሁ ጆሃንስበርግ ውስጥ፣ ከሐሙስ እስከ ሰኞ በሆነ ነገር ግን ምቀኝነቴ ስም ወጣለት። ያንን ነው የማወራችሁ። ሰምታችሁ ብትታዘቡኝ አይከፋኝም፤ እኔም ራሴን ታዝቤ ጨርሻለሁ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ፍቅሬ ነው፣ የጉለሌ ልጅ ነኝ። ጆበርግ መሀል ከተማ፣ ሐበሻ በሞላው አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃ እሸጥ ነበር። ከሱቄ ሌላ አንድ ማዕረግ ነበረኝ፤ የእድራችን ምክትል ሊቀመንበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምክትል። ምርጫ በመጣ ቁጥር እጅ ይወጣል፣ ደረጀ ሊቀመንበር ይሆናል፣ ከዚያ አንዱ ከኋላ ተነስቶ፣ «ምክትል ያው ፍቅሬ ይሁና» ይላል፣ ይጨበጨባል። ያቺ «ያው» የምትባል ቃል እንዴት እንደምታንገበግብ የተባለበት ሰው ያውቃል።

ደረጀ የሆሳዕና ልጅ ነው። የተገናኘነው ሞያሌ ላይ ነው። ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ሞዛምቢክን በአንድ ሸራ ሥር ተሸፍነን አቋረጥን፤ አንድ ጠርሙስ ውሃ በክዳኑ እየለካን ተካፍለን ጠጣን። ወንድሜ ነው ማለት ይቻላል። ወንድሜ ነው ስል ግን ቃየልም ወንድም እንደነበር አትርሱብኝ።

ደረጀ ከከተማ ወጣ ባለው ቮስሎሩስ ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ይሠራል። ምኑን እንደሚወዱለት አላውቅም፣ ሰው ሁሉ ይወደዋል። የሰፈሩ አሮጊቶች በዙሉኛ ልጄ እያሉ ያቅፉታል። ጴንጤ ሆኖ ሳለ የእኛ ቄስ እንኳ ከእኔ በፊት የሚጠይቁት እሱን ነው። አማርኛው ደግሞ ሰባራ ነው፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋል። እኔ በስብሰባ ላይ አማርኛዬን አሳምሬ ስናገር ሰው ሰዓቱን ያያል። እሱ ተነስቶ «እኛ ሰዎች ተዋደድን ይሻላል» ብሎ ሲቀመጥ ሴቶቹ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። የገዛ ሚስቴ ሳትቀር ነገር ሳማክራት፣ «ለምን ደረጀን አትጠይቀውም?» ትለኝ ነበር።

ምቀኝነቴ የጀመረው ግን በእድሩ አይደለም፤ በእማማ ብዙነሽ ቤት ነው። እማማ ብዙነሽ ከሁላችንም በፊት ጆበርግ የገቡ፣ ትሮይቪል ሰፈር ባለው አሮጌ ቤታቸው አዲስ የመጣውን ሁሉ ተቀብለው አልጋ የሚሰጡ ሴት ነበሩ። እኔና ደረጀ በአንድ ቀን ደጃቸው ላይ ወደቅን። እኔ እንዳደግሁት ጎንበስ ብዬ «እንደምን አሉ እማማ፣ እርስዎን ብለን ነው የመጣነው» አልኩ። ደረጀ ያኔ አንቱታ ገና አልገባውም ነበርና፣ «እማማ፣ አንቺ ደህና ነሽ?» አላቸው።

እኔ በእሱ ሀፍረት ቀለጥኩ። እሳቸው ሳቁ፣ ወዲያው ዓይናቸው እንባ ሞላ። ልጅ አልወለዱም፤ አንቺ ብሎ የጠራቸው ሰው ከጠፋ ዘመን ሆኖት ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ደረጀ «አንቺ የሚለኝ ልጄ» ሆነ፣ የመስኮቱ ዳር አልጋም የእሱ ሆነ። እኔ ጨዋ አማርኛዬን ታቅፌ በግድግዳው ዳር አልጋ ላይ ቀረሁ። ከዚያ ቤት ከወጣን ስንት ዓመታችን፣ ያ መስኮት ግን ከሆዴ አልወጣም።

ወረርሽኙ መጥቶ ሀገሩ ሲዘጋ ሕንፃችን ታሸገ። መጋረጃ ደግሞ አይበላ ነገር። ያኔ ነው ማሊ የደወለችልኝ። ማሊ ታይላንዳዊት ናት፣ ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት አላት፣ መጋረጃዋን የሰቀልኩላት እኔ ነኝ። ምግብ በየቤቱ ማድረስ ሲፈቀድ መኪና ያለው ሰው ፈለገች። ከሥራው ሁሉ ዋናው ግን የአባቷ ምሳ ነበር። አባቷ ሊጠይቋት መጥተው አየር ማረፊያው ስለተዘጋ እዚሁ የቀሩ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። በሽታው እንዳይደርስባቸው ብላ ከትሮይቪል ከፍ ባለው ኮረብታ ላይ ትንሽ ቤት ተከራይታ ለብቻቸው አስቀምጣቸዋለች። እኔ ምሳውን በረንዳው ላይ አኖርና ሁለት ሜትር ርቄ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ።

በመጀመሪያው ቀን እጃቸውን እንደ ጸሎት አጋጥመው ሰላም አሉኝ። ሙሉ ስማቸው፣ በኋላ እንደነገሩኝ፣ የፓርላማቸውን ጸሐፊ እንኳ ትንፋሽ ያሳጥረው ስለነበር በቅጽል ስማቸው እንድጠራቸው ነገሩኝ። እሳቸው «ሌክ» ይበሉ «ለክ»፣ የእኔ ጆሮ የሰማው «ልክ» ነው። በእኛ ቋንቋ ልክ ማለት መጠን ማለት ነው፣ ትክክል ማለትም ነው ስላቸው ሳቁ። በእነሱ «ትንሽ» ማለት ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ ለእኔ ሚስተር ልክ ሆነው ቀሩ።

ታሪካቸውን በየምሳው ትንሽ ትንሽ ሰማሁት። አባታቸው በጀልባ እየቀዘፉ የሩዝ ሾርባ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። እሳቸው የገጠር አስተማሪ ሆኑ፣ ከዚያ ፖለቲካ ገቡ፣ ዘጠኝ ጊዜ ለፓርላማ ተመረጡ። ፓርቲ አምስት ጊዜ ቀይረዋል፤ ሸሚዝ ሲቆሽሽ ይቀየር የለ እንዴ ይላሉ፣ ቅንጣት ሳያፍሩ። ወታደሮች ሁለት ጊዜ መንግሥት ገልብጠውባቸዋል፤ ሁለተኛው ጊዜ ምሳ ላይ ነበሩና ሾርባቸውን ጨርሰው ነው የተነሱት። ሦስት ጊዜ ምክትል ሚኒስትር፣ አንድ ጊዜ ምክትል አፈ ጉባኤ ሆነዋል። ዋናው ወንበር ላይ ግን አንድም ቀን አልተቀመጡም።

ምክትል! ይህን ስሰማ ወደድኳቸው። የእኔን ነገርም አወራኋቸው፤ እድር ምን እንደሆነ፣ ደረጀ ማን እንደሆነ። እንዴት አድርጌ እንደማሸንፈው ስጠይቃቸው ፊታቸው በራ፣ ጡረታ የወጣ ሐኪም በሽተኛ ያገኘ ይመስል። በእሳቸው ሀገር የሚመረጠው ንግግር የሚያሳምር ሳይሆን ቀብር የማይቀር ሰው እንደሆነ አስረዱኝ። በየሳምንቱ ስድስት ሰባት ቀብር ይሄዱ ነበር አሉ። «ከፊት ማን እንደተቀመጠ ሟቹ አያይም፤ መራጩ ግን ያያል» አሉኝ። ይህችን ነገር እንደ ወንጌል ያዝኳት።

እማማ ብዙነሽ ሐሙስ ጠዋት ሞቱ። ኮሮና አይደለም፣ የቆየ ስኳራቸው ነው። ቀብር ላይ ከሃምሳ ሰው በላይ አይፈቀድም ነበር። ሃምሳ! እሳቸው ያሳደሩት ሰው ቢጠራ የመቃብር ቦታው አይበቃም። የሃምሳው ሰው ስም ዓርብ ከእኩለ ቀን በፊት ለቀብር አስፈጻሚው ቢሮ መድረስ አለበት። በሩ ላይ ዘበኛው ስሙን ከመታወቂያ ጋር እያስተያየ ያስገባል፣ የሌለበትን ይመልሳል።

ደረጀ ከቮስሎሩስ ደወለ። እያለቀሰ ስለነበር ግማሹ አልተሰማኝም። ለመምጣት የሚችለው ቅዳሜ፣ በቀብሩ ጠዋት እንደሆነ ነገረኝና፣ «ዝርዝሩን አንተ ጻፍ። አንተ ከጻፍከው ልክ ነው» አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁና የመጀመሪያው ሐሳቤ ምን እንደነበር ልንገራችሁ? አልቅሶ እንኳ ቀደመኝ፣ ነው ያልኩት። ለእኔ እንባ ገና አልመጣልኝም ነበር።

ዓርብ ጠዋት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ዝርዝሩን ጻፍኩ። ቄሱን፣ ተሸካሚዎቹን፣ ጎረቤቶቹን፣ የድሮ የቤቱን ልጆች። ደረጀ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ሥርዓቱ ሊቀመንበሩ የስንብት ቃል እንዲያሰማ ነው፤ ሊቀመንበሩ ከሌለ ምክትሉ። የእኔ ንግግር ደግሞ ተጽፎ አልቋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የስደተኛ ወረቀታችንን ያወጣነው በአንድ ቀን ነው፣ እኔ ከደረጀ ኋላ ተሰልፌ። የቢሮው ሰው መጀመሪያ የቤተሰብ ስም ሲለው የአያቱን፣ ከዚያ ስም ሲለው የአባቱን መሰለው። እንግሊዝኛው ያኔ ባዶ ነበር። የራሱ ስም ሳይጻፍ ቀረ። እስከ ዛሬ ወረቀቱ ላይ ያለው ወልዴ አንጁሎ ነው። እድሩ ሁሉ ደረጀ ወልዴ ነው የሚለው። ወረቀቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«ደረጀ ወልዴ» ብዬ ጻፍኩ።

አያችሁ አይደል? ስሙን አልተውኩትም። ከላይ፣ ከቄሱ ቀጥሎ፣ በክብር ጻፍኩት። በሩ ላይ ሲመልሱት ማን ይጠረጥረኛል? የተሳሳተ ጻፈ የሚለኝ እንኳ የለም፤ እድሩ የሚያውቀው ስም ነው። ዝርዝሩን ለቢሮው ላክሁ፣ በእድሩ ዋትስአፕ ግሩፕ ላይም ለጠፍኩ። ከዚያ የሚስተር ልክን ምሳ ይዤ ወጣሁ። ሳልዋሻችሁ፣ መኪና ውስጥ እያፏጨሁ ነበር።

ሚስተር ልክ በረንዳው ላይ አልነበሩም። በተከፈተው በር ሳይ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ክራቫት አድርገው ላፕቶፕ ፊት ቁጭ ብለዋል። ዞር ሳይሉ፣ «ጓደኛዬ ሞተ» አሉኝ። ልጅ ሳሉ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው የተማሩ ሰው ናቸው። ቅጽል ስማቸው ያይ ነበር፣ ትልቁ ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያዩ ሰፈርተኛው ትልቁና ትንሹ ይሏቸው ነበር። ያይ ሚኒስትር ሆኑ፣ ከዚያም በላይ ሆኑ። ትንሹ በሄዱበት ሁሉ ምክትል። አሁን የትልቁ ሥርዓተ ቀብር በኢንተርኔት እየታየ ነው፣ ትንሹ ጆሃንስበርግ ኮረብታ ላይ ተዘግቶባቸዋል።

«የአበባ ጉንጉኖቹን ቁጠርልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል» አሉኝ።

ማስኬን ከፍ አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩና ቆጠርኩ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች አበባ ነው። አርባ ምናምን ስደርስ ምስሉ ዞረብኝ። ሚስተር ልክ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ «ለእኔ የዚህን ግማሽ አይልኩም» አሉ። ለሬሳ ቀኑ! የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ በጓደኛቸው አስከሬን ቀኑ። ልስቅ ነበር። ከዚያ «አልቅሶ እንኳ ቀደመኝ» ያልኩት ትዝ አለኝና ሳቁን ተውኩት።

ምሳውን አልነኩትም። ላፕቶፑን ከደኑና ስለ አስተማሪያቸው ነገሩኝ። ሁለቱንም ፊደል ያስቆጠሩ፣ ምሳ ያበሉ የገጠር አስተማሪ ነበሩ። ሲሞቱ ያይ በወታደሮቹ ምክንያት ሩቅ ክፍለ ሀገር ተደብቀው ነበር፤ የት እንዳሉ የሚያውቁት ሚስተር ልክ ብቻ ናቸው። በእነሱ ወግ አስከሬኑ ይቃጠላል፤ ከመቃጠሉ በፊት ወዳጅ ሁሉ ተራ በተራ ከስስ እንጨት የተሠራ ነጭ አበባ ያኖርለታል። ከሁሉ በኋላ የሚያኖረው የክብር ሰው ነው። ያንን ክብር መንደሩ ለያይ ሊሰጥ አስቧል።

«እሳቱ የሚለኮሰው በዘጠኝ ሰዓት ነበር» አሉኝ። «እሱ ካልደረሰ ክብሩ ለእኔ ነው። በአሥራ አንድ ሰዓት ብዬ ላክሁበት። ቢጠይቀኝ፣ ተሳስቼ ነው እል ነበር። መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። በአሥራ አንድ ሰዓት መጣ፤ አመድ ነው ያገኘው። አበባውን በማቃጠያው ደረጃ ላይ አኖረ፣ ወደ እኔ ዞረ፣ እጁን አጋጥሞ ሰላም አለኝና ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሰላሳ አንድ ዓመት፣ በየአዲስ ዓመቱ አንድ ቅርጫት ፍራፍሬ ይልክልኛል። አንድ ዓመት አላጎደለም። ለምን እንዲህ አደረግህ ብሎ ግን አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ፍሬውን ቀምሼው አላውቅም። ይቅር ብሎኝ ይሁን ንቆኝ ይሁን ሳላውቅ ሞተ።»

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንጫጫል፤ የእድሩ ግሩፕ ነው። ሁሉም «ፍቅሬ ተባረክ፣ ጥሩ ዝርዝር ነው» እያለ ይጽፋል። ያደረግሁትን ለሚስተር ልክ አልነገርኳቸውም። ተሰናብቼ ወደ መኪናዬ ሮጥኩ።

ለቀብር አስፈጻሚው ቢሮ ደወልኩ። ሴትዮዋ ዝርዝሩ ተዘግቶ ለዘበኛው መላኩን፣ አዲስ ስም እንደማይገባ ነገረችኝ፣ ሃምሳ ማለት ሃምሳ ነው አለች። አንዱን ስም ላስተካክል ብላት፣ ሁሉም እንደዚህ እያለ ነው የሚያስጨንቀን ብላ ዘጋችው። የቀረኝ ደረጀ ነው። ለእሱ ምን ልበለው? መልእክት ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። እንደገና ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ሚስቴ ምን ሆነሃል ስትለኝ ራሴን አሞኛል አልኳት።

ቅዳሜ ገና ብርዱ ሳይለቅ የመቃብሩ በር ላይ ተገኘሁ። ዘበኛው ዕድሜው የገፋ፣ ወፍራም ካፖርት የለበሰ ሰው ነው፤ ዝርዝሩን በካርቶን ላይ ቆንጥጦ ይዞታል። ደረጀ ወልዴና ወልዴ አንጁሎ አንድ ሰው ናቸው ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። ሰውዬው ታግሶ ሰማኝና፣ አንድ ሰው እንዴት ሁለት ስም ይኖረዋል አለ። መታወቂያው ላይ ደረጀ የሚል ካለ ይገባል፣ ከሌለ አይገባም። ይኸው ነው።

ሰዉ መጣ፣ ሁለት ሁለት ሜትር እየተራራቀ ተሰለፈ። ደረጀ በዕቃ መጫኛ ባኪው ደረሰ፣ ጥቁር ኮት ለብሶ። «ሳዉቦና ባባ» ብሎ በዙሉ ወግ ሰላም ሲለው ዘበኛው ፈገግ አለ፤ እዚያም ተወደደ እንግዲህ። ወረቀቱን ሰጠው። ዘበኛው አየ፣ ዝርዝሩን አየ፣ እንደገና አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

ደረጀ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ከሰልፉ ወጣ ብሎ ለተሰለፈው ሰው፣ «ስህተት ነው። ሰው ሥራ ሲበዛበት ይሳሳታል። እናንተ ግቡ» አለ። ለእኔ ተከራከረልኝ! ሊቀብራት የመጣላትን እናቱን ትቶ ለእኔ ተከራከረልኝ። ያን ጊዜ አስከሬኑን የያዘው መኪና ከመንገዱ ታጠፈ።

ወደ በሩ ሄድኩ። ወረቀቴን ለዘበኛው ሰጠሁና የእኔን ስም እንዲሰርዝ፣ በቦታው ይሄን ሰውዬ እንዲያስገባ ለመንኩት። ሃምሳ ያው ሃምሳ ነው አልኩት። አሰበ፣ መኪናውን አየ፣ ሰልፉን አየ፣ ከጆሮው ላይ እስክሪብቶውን አነሳ። «ፍቅሬ» በሚለው ላይ መስመር ሲያሰምር አየሁት።

ደረጀ፣ «አንተ ሳትገባ?» አለኝ።

«ስህተት አይደለም» አልኩት። «አውቄ ነው የጻፍኩት።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁት።

«ትናንት ግሩፑ ላይ አይቼዋለሁ። ፍቅሬ ወረቀቴን ያውቃል፣ ከኋላዬ ቆሞ ነበር አልኩ። ይደውላል ብዬ ስልኬን ይዤ ዋልኩ። አልደወልክም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አንተ ከጻፍከው ልክ ነው ብዬሃለሁ። ቃሌ ነው» አለ። ከዚያ ድምፁ ከፍ አለ፤ ሰልፉ ሁሉ ሰማ። «ምቀኛ ነህ። ከሞያሌ ጀምሮ ምቀኛ ነህ። ውሃውን በክዳን ስንለካ የእኔን ክዳን ታይ ነበር። አንድ እናት አገኘሁ ፍቅሬ፣ እሱንም ቀናህብኝ።»

«እሱንም» አለ፣ «እሷንም» ማለቱ ነው። በአማርኛው ያልሳቅሁባት የመጀመሪያዋ ቀን ናት። ማስኩን አስተካክሎ ገባ።

በአጥሩ ሽቦ በኩል ቆሜ አየሁ። ቄሱ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ደረጀ ወደ ጉድጓዱ ተጠጋ። ንፋሱ ወደ እኔ ነበርና ድምፁ ደረሰኝ። «እማማ፣ አንቺ» ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲያ ለቅሶው ዋጠው። የእኔ ንግግር ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ሁለት ገጽ ሙሉ «እርስዎ»። ቀናህ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ እዚያ ቆሜም ቀናሁ። ግን እንባዬም ያን ጊዜ መጣ። የትሮይቪሏን እናት ከሽቦ ውጭ ሆኜ አለቀስኳት።

ሲወጣ አጠገቤ ቆመ፣ ፊቴን ግን አላየኝም። «አፈር ሁለት ጊዜ ነው የጣልኩት። አንዱ ያንተ ነው» አለኝና ወደ ባኪው ሄደ። ይኸው እንደገና በለጠኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ በኋላ ተቃቀፍን፣ ሁሉም ነገር ተስተካከለ እንድል ትጠብቁ ይሆናል። አልተቃቀፍንም። ደረጀ አራት ወር አላናገረኝም። በእድሩ ነገሩ ተሰማ፣ በአካል መሰብሰብ ሲፈቀድ በሁሉ ፊት ቆሜ ያደረግሁትን ተናገርኩ፣ ምክትልነቴንም መለስኩ። በአምስተኛው ወር ደረጀ ራሱ ደውሎ ለሱቁ ጓዳ መጋረጃ ስቀልልኝ አለኝ። ዛሬ እንነጋገራለን። ሲያናድደኝ፣ ማለት ሲወደድ፣ ደውዬ «ዛሬም ቀንቼብሃለሁ» እለዋለሁ። «ምቀኛ» ይለኛል፣ ይስቃል። ተነግሮ ሲወጣ እንደ ድሮው አይቆጠቁጠኝም። እናንተም የምትቀኑበት ሰው ካለ፣ እጃችሁ የሰው ስም ጽፎ ሳያበላሽ በፊት ለራሱ ንገሩት። ያሳፍራል። ከአጥር ውጭ ከመቆም ግን ይሻላል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ሰኞ የሚስተር ልክን ምሳ ይዤ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ወጥተው ነበር፣ የሱፍ ኮፍያቸውን እስከ ጆሮአቸው ስበው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስሙን፣ ዝርዝሩን፣ በሩን። ሾርባቸውን እያማሰሉ ሰሙኝ። ከሁሉ ይልቅ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር።

«ሲያውቅ ምን አለህ?»

«ምቀኛ አለኝ» አልኩ።

ምን ማለት ነው አሉኝ። እንግሊዝኛ ፈለግሁለት፣ አጣሁ። ቅናተኛ ብቻ ማለት አይደለም፣ የሌላው ሰው ነገር ሲሰምር የሚታመም፣ እንዳይሰምርም እንቅፋት የሚያኖር ሰው ነው አልኳቸው። ቃሉን እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። ደገምኩት። እሳቸውም «ም-ቀ-ኛ» ብለው ቀስ ብለው አሉት፣ መድኃኒት የሚቀምሱ ይመስል።

«በሰው ፊት ነው ያለህ?»

«በሰው ፊት።»

ማንኪያቸውን አኖሩ።

«ሰላሳ አንድ ዓመት ያንን ቃል ስጠብቅ ኖሬያለሁ» አሉ። «የመጣልኝ ግን ፍራፍሬ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ፍቅሬ፣ ቀናሁብህ» አሉኝ።